የጠራ ውኃ ሁሉ አያኖርም

የመስታወት ዓሣ ገንዳ ከሁሉ ቀን ይልቅ የሚያምረው በደንብ የታጠበ ዕለት ነው። ጠጠሩ ተለቅሞ፣ መስታወቱ ተወልውሎ፣ የማጣሪያው ስፖንጅ ከቧንቧ ሥር እየተጨመቀ ታጥቦ፣ ውኃው እስከ መጨረሻው ጠብታ ተለውጦ ሲያበቃ ባለቤቱ ራቅ ብሎ ይመለከትና ደስ ይለዋል። ዓሦቹ መታመም የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። በሚሞቱበት ሰዓትም ውኃው እንደጠራ ነው።

ለዓሣ አርቢዎች ይህ የታወቀ ችግር ነው። በውስጡ ግን አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፦ ጉዳቱን ያመጣው ስንፍና ሳይሆን ትጋት ሲሆን፣ ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ዓሣ በመተንፈሻውና በዓይነ ምድሩ በኩል አሞኒያ ይለቃል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ይጨምራል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። ወንዝ ቢሆን ጠርጎ ይወስደዋል፤ በመስታወት ውስጥ ግን የሚሄድበት የለም። ዓሣውን የሚያድኑት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ገሚሶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነውና ሌሎቹ ተቀብለው ወደ ናይትሬት ያደርሱታል። ናይትሬት እጅግ ካልበዛ በስተቀር ይቻላል። ኪየቭ የተወለደው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነበር።

እነዚህ ፍጥረታት በብዛት የሚኖሩት በውኃው ውስጥ ተንሳፈው አይደለም። በስፖንጁ፣ በጠጠሩ፣ በመስታወቱ ላይ ተለጥፈው፣ ሲነኩት የሚያዳልጥ ቡናማ ሽፋን ውስጥ ነው። ባለቤቱ «ቆሻሻ» ብሎ ያጠበው እነርሱን ነበር። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ተሕዋስያንን እንዲገድል የተጨመረ ነው፤ ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም። የጠፋው ማኅበር እንደገና እስኪቋቋም ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

እንጀራ ጋግሮ ለሚበላ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ከተቦካው ላይ እርሾ ለነገ ይቀመጣል። ቡሃቃው በየጊዜው ተፍቆ፣ በፈላ ውኃ ተለቅልቆ፣ እርሾውም «ኮምጥጧል» ተብሎ ቢደፋ የሚቀጥለው ሊጥ እንደወትሮው አይቦካም። ልምድ ያላቸው ዓሣ አርቢዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር አያጥቡትም፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በባልዲ ውስጥ ለቅለቅ አድርገው ይመልሱታል። ማጣሪያውን በአዲስ ሲተኩም አሮጌውን ስፖንጅ ለጥቂት ሳምንታት ከአዲሱ ጎን ያቆዩታል። እርሾ መሆኑ ነው።

ወደ ጥያቄው ሲመለሱ፣ ስህተቱ የሚጀምረው «ንጹሕ» ከሚለው ቃል ነው። ንጹሕ ለማን? የፈረደው ዓይን የሚኖረው ከመስታወቱ ውጭ ነው። በውስጡ የሚኖረው ድምፅ የለውም። ንጽሕና ደግሞ ከምግባር ጋር የተቆራኘ ቃል ስለሆነ፣ የሚያጸዳ ሰው መልካም እየሠራ መሆኑን አይጠራጠርም፤ የማይጠራጠር ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ግዴለሹ ሰው ቢያንስ ማኅበሩን በአንድ ጊዜ አላፈረሰውም። ትጉሁ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰው።

ጀርመን ተወልዶ በኋላ አሜሪካ የኖረው ፈላስፋ ሃንስ ዮናስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የኃላፊነት መርህን በሚመለከት መጽሐፉ፣ ኃላፊነት ከሥልጣን እንደሚመነጭ ይከራከራል። በእጄ ያለ፣ ልጎዳውም የምችል ነገር በመሆኑ ብቻ ይጠይቀኛል፤ ዋናው ምሳሌም ወላጅና ጨቅላ ሕፃን ናቸው። ዮናስ በዚህ ላይ፣ የሥራን መዘዝ አስቀድሞ ማወቅ ራሱ ግዴታ እንደሚሆን ይጨምራል። በሐይቅ ያለ ዓሣ ውኃው በአንድ ሰው እጅ አይደለም። ተገዝቶ ሳሎን የገባው ግን ዓለሙ በሙሉ በአንድ ሰው ባልዲ ይለወጣል። ስለዚህ በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃውም።

ነገሩ ከዓሣ ያልፋል። በስተርጅና ከአገሯ ወጥታ ልጇ ዘንድ የመጣች እናት ሞቃት ክፍል፣ አዲስ አልጋ፣ ሐኪም፣ የሞላ ማቀዝቀዣ ታገኛለች። ልጇ ያልጎደለ ነገር እንደሌለ ያያል፤ እውነቱንም ነው። ቡና የምትጣጣቸው ጎረቤቶች፣ እድሯ፣ በመንገድ ላይ ቆማ የምትጠይቃቸው ሰዎች ግን ከሻንጣው ጋር አልመጡም። እነርሱ በዕቃ ዝርዝር ውስጥ የሚገቡ አይደሉም፤ ሲቀሩም ጉድለታቸው ለአስተናጋጁ አይታየውም። ውኃው እስከ መጨረሻው ጠብታ ተለውጧል። እርሷም «ሁሉ ሙሉ ነው፣ ተመስገን» ትላለች፤ ግን ምግቡ አይበላላትም።

ከተማም እንዲሁ ይሳሳታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 የቧንቧ ውኃ ማከሚያው ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተለወጠ። ምክንያቱ በጎ ነበር፤ ክሎሪን በውኃ ውስጥ የሚፈጥራቸውን ጎጂ ውሁዶች ለመቀነስ ነው። ሆኖም በአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ፣ ክሎሪኑ ጠብቆ ያቆየው ቅርፊት ነበር። ክሎሪኑ ሲቀር ቅርፊቱ መሟሟት ጀመረ፤ እርሳስም ወደ መጠጥ ውኃው ገባ። ሕዝቡ በሰፊው የሰማው በ2004 ሲሆን፣ ቧንቧዎቹን የሚሸፍን ፎስፌት መጨመር የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ጥርት ያለ ይመስል ነበር። እርሳስ ቀለም የለውም፤ ይበልጥ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው።

እንግዲያው ምንም አለመንካት ይሻላል? «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ እጅን ማጣጠፍ የሚቀናው አለ። ያልተነካ ገንዳም ግን ይገድላል። ናይትሬቱ ይከማቻል፣ ውኃው እየኮመጠጠ ይሄዳል። ሞቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ብቻ ማንም አይከሰስበትም። በቸልታ የሚደርስ ጉዳት በትጋት ከሚደርሰው የሚለየው ሰበብ ስለማያጣ ነው፤ በጉዳትነቱ ያው ነው።

መካከለኛው መንገድ ከፍሎ መለወጥ ነው። ከውኃው ሩቡን ያህል፣ በሙቀት የተመጣጠነ፣ ክሎሪኑ በመድኃኒት የተወገደለት። ክሎራሚን በሚጠቀም ከተማ ውኃን በባልዲ አሳድሮ መጠቀም አይረዳም፤ ክሎራሚን በአንድ ሌሊት አይተንም። ጠጠሩ በታጠበበት ሳምንት ማጣሪያው አይነካም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መለካት። የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ ጠብታ፣ መናገር የማይችለውን «እንዴት ነህ?» ብሎ የመጠየቂያ መንገድ ነው። ዓይን «ጠርቷል» እያለ ቀለሙ ሌላ ከተናገረ የሚታመነው ቀለሙ ነው።

ሁሉም ታጥቦ ካለቀ በኋላስ? ሥራው የሚያምር አይደለም። ምግብ መቀነስ፣ በየቀኑ መለካት፣ ሲያስፈልግ ትንሽ ውኃ መለወጥ፣ ጥሩ ገንዳ ካለው ሰው ያገለገለ ስፖንጅ ለምኖ ማምጣት፣ ከዚያም ለሳምንታት መጠበቅ። በዚያ መካከል ውኃው ወተት የመሰለ ጭጋግ ሊለብስ ይችላል፤ እንግዳም «ምነው ቆሸሸ?» ይል ይሆናል። ባለቤቱ ያን ጊዜ እጁን ከባልዲው መልሶ ቀለሙን ካየ፣ ገንዳውን ለራሱ ዓይን ማጽዳቱን ትቶ ለሚኖሩበት መጠበቅ ጀምሯል።