መጠበቅ ወይስ መተካት? ስለ አእምሮ ሕሙማን መብትና ስለ አሳዳሪዎቻቸው ግዴታ



በሲናናና በጎባ ዙሪያ የዘር ወቅት ሲቃረብ መሬት ለመከራየት የሚፈልግ ይመጣል፤ የሚያከራይም ይገኛል። ከዚሁ ከምናውቀው ኑሮ፣ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ አንድ ቤት እናስብ። አእምሮው ከታመመ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው በወንድሙ ቤት ይኖራል፤ ከአባቱ የደረሰው ጥቂት መሬት አለው። ተከራይ መጣ፤ ውል ተጻፈ። ወንድሙም የሕመምተኛውን አውራ ጣት ይዞ ቀለም አስነክቶ በወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ጠብ አልተነሣም፤ ገንዘቡም ለእህልና ለመድኃኒት ይውል ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ቤት ከነበሩት ሁሉ ሳይጠየቅ የቀረ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ባለመሬቱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ በደል ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? «ምን ያውቃል ብለን እንጠይቀው?» የሚለውን መልስ ደጋግመን ሰምተናል። ይህ መልስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። አንደኛው ሰውየው ስለ ውሉ የማስተዋል ችሎታ ያለው መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ሰው መቆጠሩ ነው። የመጀመሪያው በሕመም ሊደክም ይችላል። ሁለተኛው ግን አብሮት አይደክምም።

ሕጋችን ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ያረቀቀውም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበር፣ ከቁጥር 339 ጀምሮ ስለዚህ ነገር ይደነግጋል። ጥበቃው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ሕመሙ በግልጽ የታወቀ ሰው የፈጸመው ውል እንዲፈርስ መጠየቅ የሚቻልበት ነው። ሁለተኛው፣ ፍርድ ቤት የሰውየው ጤናና ጥቅም የሚያስገድድ ሆኖ ሲያገኘው የሚወስነው ክልከላ ነው። ይህንንም ሕመምተኛው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቁ ይችላሉ። ክልከላው ከተወሰነ በኋላ ሰውየው አካለ መጠን እንዳላደረሰ ልጅ ተቆጥሮ ለሰውነቱ አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ሞግዚት ይሾምለታል፤ ምክንያቱ ሲወገድም ክልከላው ይነሣል። ከዚህ የምንረዳው፣ በምሳሌያችን ያለው ሰው ወንድም ስለ ሆነ ብቻ የወንድሙ ሞግዚት አለመሆኑን ነው። የሾመው ፍርድ ቤት የለምና።

በተለይ ልናስተውለው የሚገባን ቁጥር 342 ነው። ነዋሪዎቹ ከ2000 በሚያንሱበት ቀበሌ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ስለ ሕመሙ የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር ያደረጉት ሰው፣ ሕመሙ በግልጽ እንደ ታወቀ ይቆጠራል። ሕግ አውጪው ይህን ሲል የገጠሩን ኑሮ ተመልክቶ ነው። ከሮቤ እስከ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሐኪም ማስረጃ የሌለው ገበሬ ጥበቃ ሊያጣ አይገባም። ይሁን እንጂ ድንጋጌው ሌላም ፊት አለው። ሰውየውን ያሰረው ገመድ ራሱ የዕብደቱ ማስረጃ ሆኖ ይቆማል። መታሰሩ ተገቢ ነበር ወይ ብሎ በቅድሚያ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ያው ቤተሰብ ጠባቂም ምስክርም ይሆናል፤ ቤተሰቡ በቅን ልብ ሲሠራ መልካም ነው፤ መሬት ሲያስጎመጅ ግን ሕመምተኛው ማንን ይጠራል?

ከዚያ ወዲህ የሕግ አስተሳሰብ ራሱ ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መርዳት መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን የሚፈጽመው ግዴታ አድርጎታል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 12 ማንኛውም ጉዳተኛ በሕግ ፊት እኩል ችሎታ እንዳለው ተቀብሎ፣ በችሎታው ለመጠቀም የሚያስፈልገው ድጋፍ እንዲሰጠው ያዝዛል። የስምምነቱ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጠው ማብራሪያ፣ በሰው ፈንታ የመወሰን ሥርዓት ሰውየው ራሱ እንዲወስን በመደገፍ ሥርዓት እንዲተካ አሳስቧል። የ1952ቱ ድንጋጌዎች ግን አገራችን ስምምነቱን ካጸደቀችም በኋላ በቦታቸው ቆይተዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አቅልለን ማለፍ አይገባንም። ቃል የማይወጣው፣ የቀረበለትን ነገር ፈጽሞ የማያስተውል ሰው አለ። «ራሱ ይወስን» ብሎ መተው እርሱን ለተንኮለኛ አሳልፎ መስጠት ነው። እውነት ነው፤ አሳዳሪ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ጥያቄያችን አሳዳሪው ከሕመምተኛው ጎን ይቆማል ወይስ በፊቱ ቆሞ ይሸፍነዋል የሚለው ነው።

ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረን

የቤተ ክርስቲያንም ሕግ በቀኖና 99 አእምሮውን ዘወትር የማይጠቀም ሰው ለራሱ ኃላፊ እንዳልሆነና እንደ ሕፃን እንደሚቆጠር ይናገራል። ከኃላፊነት ነጻ ሲያወጣው ግን ከመንጋው አያወጣውም። እንዲያውም ቀኖና 777 ቆሞሱን፣ በአካልም በአእምሮም ለተጎዱት ሁኔታቸው በፈቀደ መጠን ትምህርተ ክርስቶስ እንዲሰጣቸው ያዘዋል። «አይገባውም» ብለን ከትምህርት ያስቀረነው ልጅ ካለ፣ ይህ ቀኖና ይጠይቀናል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ አእምሮውን ያጣ ሰው ሊጠመቅ ይገባዋልን የሚል ጥያቄ አንሥቶ ነበር። መልሱ ዛሬም ያስተምራል። ከልደቱ ጀምሮ አእምሮ ያልነበረው እንደ ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን እምነት ይጠመቃል። ኋላ የታመመው ግን ጤነኛ በነበረ ጊዜ የገለጸው ፈቃድ ይታይለታል፤ ሕመሙ በየጊዜው ጋብ የሚልለትም ሰው በተሻለው ሰዓት የሚፈልገው ይጠየቃል። ሊቁ የሕመምተኛውን ፈቃድ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ፈለገው፤ ሕመም መጣ ብሎ እንደ ጠፋ አልቆጠረውም።

ጌታችንም የጌርጌሴኖኑን ሰው በፈወሰ ጊዜ የአገሩ ሰዎች በሰንሰለት ሊይዙት ደጋግመው ሞክረው እንደ ነበር ቅዱስ ማርቆስ ይተርካል። ጌታ ግን አነጋገረው፤ ከዳነም በኋላ ወደ ቤተ ሰዎቹ መልእክተኛ አድርጎ ላከው። ለዕውሩ በርጤሜዎስም የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ለሁሉ ግልጽ ሳለ፣ ምን ሊያደርግለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ከጠየቀ፣ እኛ ሳንጠይቅ የምናውቅ መስለን መታየታችን ከየት የመጣ ነው?

በየቤታችን

እኛ ካህናትም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። ቤት ለመባረክ ገብተን ሕመምተኛው ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ፣ እናቱን «እንዴት ነው? ይበላል? ይተኛል?» ብለን ጠይቀን የወጣንበት ጊዜ ብዙ ነው። ድምፁን የወሰደበት ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ እኛም ነበርን።

ስለዚህ ጥቂት ነገሮችን እናሳስባለን። የታመመ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ስለ መሬትና ስለ ገንዘብ ከመዋዋሉ በፊት፣ ሕመሙ ጋብ ባለለት ሰዓት በሚገባው ቋንቋ ይንገረው፤ ፈቃዱንም ይስማ። በእርሱ ስም መፈራረም ግድ ከሆነ፣ ጣቱን ከመያዝ ይልቅ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በሕግ መሾም ይሻላል። የተሾመውም የገባውንና የወጣውን ጽፎ በሽማግሌዎች ፊት ያሳይ፤ ይህ ንጹሑን አሳዳሪ ከሐሜት ያድነዋል። ገመድ ከመፈለጋችን በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ጎባ ሆስፒታል እንውሰደው፤ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። ዓመት ሙሉ ብቻዋን የምትጠብቀውን እናት ደግሞ እድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይባል በተራ ያሳርፋት። ብዙ ጊዜ ሰው የሚታሰረው በክፋት ሳይሆን በድካም ነውና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በምትጎበኙት ቤት እንዲህ ያለ ሰው ብታገኙ፣ ሰላምታችሁን በቅድሚያ ለእርሱ ስጡ፤ ስሙንም ጥሩት። መልስ ባይሰጥ ጥቂት ታገሡ። ከዚያ በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ፤ እርሱ እየሰማ መሆኑንም አትርሱ። የተናቁትን የማይንቅ አምላክ ይህን ትዕግሥት ለሁላችን ይስጠን። አሜን።