ለማያብብበት ወራት

ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ውርጭ በወሬ የምንሰማው ነገር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አበባችን ዓመቱን ሙሉ ደጅ ያድራል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ግን ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል፤ ለስላሳው ቅጠልም ማለዳ ጠቁሮ ይገኛል።

ውርጭን ከማይችሉት ተክሎች አንዱ ሳልቪያ ነው። የበሶብላ ዘመድ ሲሆን፣ ቀይ አበባ ያለው የታወቀው ዓይነት ከብራዚል፣ ሌሎችም ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። የላቲን ስሙ ከጤንነት ጋር የተያያዘ ነው። በረዷማ ክረምት ባለባቸው አገሮች ብዙዎች አበባው ሲያበቃ ይጥሉትና በዓመቱ ሌላ ይገዛሉ፤ ጥቂቶች ግን እስኪሞቅ ድረስ ይጠብቁታል።

ጥያቄያችን የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ለጊዜው ምንም የማይሰጠንን ነገር ለወራት መንከባከብ ተገቢ ነውን? «የሰው ችግር ሳያልቅ ስለ አበባ መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ጎረቤቱ በብርድ እያደረ ለአበባ ከሰል የሚያነድ ሰው በእውነት ተሳስቷልና።

ይሁንና ጥበቃው ይህን ያህል ወጪ አይጠይቅም። ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ስንዝር የማይሞላ ጤነኛ ቀንበጥ ቆርጦ፣ የታች ቅጠሉን አራግፎ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር መትከል ነው። በጣሳ ያለውን ብርሃን ወዳለበት በረንዳ ማስገባት፣ ደጅ የቀረውን ማታ በጆንያ ሸፍኖ ጠዋት መግለጥ ይበቃል። ውሃው ይቀነሳል፤ በብርድ ጊዜ ብዙ ውሃ ሥሩን ያበሰብሳልና። ግንዱ የደረቀ ቢመስልም ብርዱ ሳያልፍ አይነቀልም፤ ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ሁለት ፈተናዎች አሉ፤ አንዱ ቶሎ ተስፋ ቆርጦ መጣል፣ ሁለተኛው እንክብካቤ በማብዛት ማፈን። ተክሉ ወደ ብርድ አገር በፈቃዱ አልመጣም፤ ያመጣነው እኛ ሰዎች ስለሆንን ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ኃላፊነቱ ግን እንዲያብብ ማስገደድ ሳይሆን፣ እስኪያብብ ድረስ በሕይወት ማቆየት ነው።

በየቤታችንና በየክፍላችንም የማያብቡበት ወራት የደረሰባቸው አሉ፤ አልጋ የያዘ አረጋዊ፣ ትምህርቱ ያልገባው ልጅ። ሰው ከአበባ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን በትንሹ ነገር መታገሥን ያልተማረ እጅ፣ በትልቁ ጊዜ ድንገት ታጋሽ ይሆናል ብለን ተስፋ ማድረጋችን ከንቱ ነው።