የአንድ መርከብ ሁለት ትዝታ

በአሮጌ የእንግሊዝ የጭነት መርከቦች ላይ የሠሩ መርከበኞች የጻፉትን ትዝታ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል፤ ሰው የተበደለበትን ቦታ ሲናፍቅ ራሱን እያታለለ ነውን?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ዓመታት መርከቡ በቶርፒዶ ተመትቶ ሲሰጥም የብዙው መርከበኛ ደመወዝ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይቋረጥ ነበር። በጀልባ ላይ ከሞት ጋር ሲታገል የከረመበት ቀን አይታሰብለትም! ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። እንዲያም ሆኖ በስተርጅና ስለ መርከባቸው ሲያወጉ ብዕራቸው ይለሰልሳል፤ ጓደኛውን፣ ወደቡን፣ የሌሊት ተረኛውን ሻይ ያነሳሉ። ውሸት አይመስለኝም። የናፈቁት ባልንጀራቸውን እንጂ ባለመርከቡን አይደለም።

እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። እታች፣ ምድጃው አፍ ላይ፣ በኤደን ወደብ በኩል የመጡ የመኖችና ሶማሌዎች ከሰል ይዝቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ ደንብ «ባለቀለም የባዕድ አገር መርከበኞች» ብሎ ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገቡ አዘዘ፤ የእንግሊዝ ተገዥነቱን በሰነድ ማስረዳት ያልቻለውም እንደ ባዕድ ተቆጠረ። ባነበብኳቸው ገጾች እነዚህ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስም የላቸውም። የላይኛውን መርከበኛ ናፍቆቱን አልነቅፍበትም። ግን «ሁላችንም እንደ አንድ ቤተሰብ ነበርን» ሲለኝ፣ «ሁላችንም» ያለው እስከ ስንተኛው የመሰላል ደረጃ ድረስ ነው?