እውነት እስክትጠራ ማን ይሙት?

ዊሊያም ፕሪን የተባለው የለንደን ጠበቃ መጽሐፍ በመጻፉ በ1634 ጆሮው ተቆረጠ። ዝም አላለምና በ1637 እንደገና ሲፈረድበት የቀረችው የጆሮው ቁራጭ ተወሰደች፤ ጉንጩም በጋለ ብረት ተተኮሰ። (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከፍርዱ ጀርባ የነበሩት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊሊያም ሎድ ናቸው። ጊዜ ተገለበጠ፤ ንጉሥ ቻርልስና ፓርላማው ጦር ተማዘዙ፤ ሎድም ታሰሩ። ያን ጊዜ እስር ክፍላቸው ገብቶ ወረቀታቸውን የበረበረው፣ ክሳቸውንም ያቀናበረው ይኸው ፕሪን ነው። በጥር 1645 የሽማግሌው አንገት በመጥረቢያ ተቀላ።

በቀሉ አይገርመኝም። የሚገርመኝ በዚያው ዓመት ፕሪን የሌሎች ጸሐፊዎች መጻሕፍት እንዲታፈኑ ብሎ መጻፉ ነው። ስለ መጻፍ ጆሮውን የገበረ ሰው ካልተማረ፣ ማን ሊማር ነው?

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ቢሆን አንብቤ እተወው ነበር። ነገር ግን ታላቅ ወንድሜን ያስገደለው ከፍራሹ ሥር የተገኘ የተባዛ ወረቀት ነው። በአገራችን በደርግ የሽብር ዘመን ሌሊት መጥተው ወሰዱት፤ አስከሬኑንም አልሰጡንም። እናቴ የተረፈውን ወረቀት ምጣድ ሥር ማግዳ ጨረሰችው። ያመለጠቻትን አንዲት ገጽ እኔ አገኘኋት። በእርሷም ላይ የጎረቤታችን ስም ከ«ሕዝብ ጠላቶች» ተራ ተጽፏል። እኚህ ጎረቤት ማንንም አላስያዙም፤ እንዲያውም ወንድሜን አንድ ቀን ጠርተው «ተጠንቀቅ» ብለውታል። ከእርሱ ቀድመው በራቸው ላይ ተተኩሶባቸው ሞቱ። እንግዲህ ለየትኛው ላልቅስ? ወረቀት በመያዙ ለተገደለው ነው ወይስ እርሱ በያዘው ወረቀት ለተገደሉት?

ስለዚህም እጠይቃለሁ፤ ሰው ያሻውን ያትም ዘንድ መተው ይገባል ወይስ አይገባም?

በዚህ ጥያቄ ላይ ያስተማሩኝን መምህር ይቅር አላልኳቸውም። የእንግሊዝኛ መምህራችን ጆን ሚልተን በ1644 ካሳተመው «አሪዮፓጂቲካ» ላይ ጥቂት አንቀጽ ቆርጠው አስሸመደዱን። ፓርላማው ንጉሡን እየተዋጋ ሳለ በ1643 ሳንሱርን መልሶ ደነገገ፤ ሚልተንም ተነሥቶ፣ እውነትና ሐሰት ሜዳ ላይ ይጋጠሙ፣ በነጻ ግጥሚያ እውነት ተሸንፋ አታውቅም ሲል ተከራከረ። ይህን በቃሉ ያልወጣ ልጅ መዳፉን በማስመሪያ ጠርዝ ይመታል። ነጻነትን በማስመሪያ! ሙሉውን መጽሐፍ ያነበብኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ለካስ ሚልተን ያን ነጻነት ለካቶሊኮች አልፈቅድም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ያ ገጽ ለእኛ አልደረሰም። የሳንሱርን ክፋት የሚናገረውን መጽሐፍ ሳንሱር አድርገው ነው ያስተማሩኝ። ቀጥሎ የመጡት የፖለቲካ አስተማሪ ደግሞ እውነት አንዲት ናት፣ እርሷም በእጃችን ናት አሉና ከነገሩ ገላገሉን።

የንጉሡ ሥርዓት ክፉ እንደነበረ አልከራከርም። ኅትመትን ይቆጣጠር የነበረው ስታር ቻምበር የተባለው የንጉሡ ችሎት በ1641 ሲፈርስ ለንደን በወረቀት ተጥለቀለቀች፤ ስብከት፣ ስድብ፣ ትንቢት፣ የጦር ሜዳ ወሬ በየቀኑ ይታተም ጀመር። መጽሐፍ ሻጩ ጆርጅ ቶማሰን ከ1640 እስከ 1661 ድረስ ወደ 22,000 የሚጠጋ ጽሑፍ ሰበሰበ፤ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የእጅ ባለሙያውም ሴቲቱም ስለ እግዚአብሔር አፍ አውጥተው ጻፉ። ይህ መልካም ነበር፤ መልካምነቱን ለሚክድ መልስ የለኝም። እኔ እዚሁ ለንደን ሌሊት ጥበቃ ሠርቼ ጠዋት ነው እነዚህን የማነበው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ዓይኔም ይቆጠቁጠኛል፤ ከምሬቴ ከፊሉን አንባቢ ለእንቅልፍ ማጣት ያድርግልኝ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። በጥቅምት 1641 የአየርላንድ ካቶሊኮች መሬታቸውን በያዙት ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች ላይ ተነሡ። ግድያው እውነት ነው፤ በፖርታዳውን ድልድይ ላይ ወደ መቶ የሚሆኑ ሰዎች ወንዝ ውስጥ ተጥለው ሰጥመዋል። የተረፉት የሰጡት ቃል ዛሬም በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተቀምጧል። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ለንደን ማተሚያ ቤቶች ሲገባ ግን እንዳደረ ሊጥ ኩፍ አለ። የሟቹ ቁጥር ከመቶ ሃምሳ ሺህ አለፈ ተባለ። ሰር ጆን ቴምፕል በ1646 ባሳተመው ታሪክ የተገደለውን፣ የጠፋውንና ከቤቱ የተባረረውን አንድ ላይ ደምሮ 300,000 አደረሰው። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች በግፍ የተገደሉትን ወደ 4,000 ይገምታሉ፤ በብርድና በረሃብ ያለቁት ሲታከሉ 12,000 ቢደርሱ ነው።

በመስከረም 1649 የፓርላማው ጦር አዛዥ ኦሊቨር ክሮምዌል ድሮሄዳ የተባለችውን የአየርላንድ ከተማ ሰብሮ ገባ፤ ወደ 3,000 ሰው አለቀ። ክሮምዌልም ይህ በንጹሐን ደም እጃቸውን በነከሩ ሰዎች ላይ የወረደ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ብሎ ጻፈ። ድሮሄዳ ግን በ1641 ዐመፀኞቹ ከብበው ሊይዟት ያልቻሏት ከተማ ናት! ከተከላካዮቿም መካከል እንግሊዞች ነበሩ። በለንደን የተነፋውን ቁጥር የከፈሉት በነገሩ የሌሉበት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሚልተን፣ የተሰየፈውን ንጉሥ ቻርልስን የሚነቅፍበትን «አይኮኖክላስቲስ» አሳተመ። በእርሱም ውስጥ በአየርላንዷ ግዛት በአልስተር ብቻ 154,000 ፕሮቴስታንት ታረደ ይላል። የአልስተር ሰፋሪ ሁሉ፣ ሕፃን ሽማግሌው ቢቆጠር፣ ያን ያህል አይሞላም ነበር። እውነት አትሸነፍም ያለው ሰው ራሱ ሐሰትን ተሸክሞ ቆመ። ስምንት ዓመት ሙሉ ተጋጠሙ። ማን አሸነፈ?

እናቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ትላለች። ይጥራ። የቴምፕል መጽሐፍ ግን እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ደጋግሞ ታትሟል። ለድሮሄዳ ሟች ያ ንጋት ምን ያደርግለታል? ተረቱም ሚልተንም የሚናገሩት በሕይወት ተርፎ ለሚያይ ሰው ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማተሚያው ነው ልበል? ይህንንም ሞከርኩት፤ አልጸና አለኝ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በእኛ አገር፣ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲያውጁ፣ የላስታ ገበሬና የንጉሡ ጦር ተላልቀዋል፤ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ። በዚያ ሁሉ መካከል አንዲት በራሪ ወረቀት አልታተመችም። አዋጅ፣ ስብከትና ሐሜት በቂ ነበሩ።

ሳንሱር ቢኖርስ? መምህሮቼ ይህን ቢጠይቁኝ ኖሮ ያን ጊዜ እንኳ መልሱን ባገኘሁት ነበር። ከአየርላንድ የመጣውን የሰቆቃ ወሬ ሰብስበው ካቀጣጠሉት ጽሑፎች አንዱ የሄንሪ ጆንስ ነው፤ ይህም በ1642 ለፓርላማው ቀርቦ በፓርላማው ትእዛዝ ታተመ። ያው ፓርላማ በ1644 የሮጀር ዊልያምስን መጽሐፍ፣ ማንም ስለ እምነቱ አይሰደድ የሚለውን፣ እንዲቃጠል አዘዘ። ሚልተንም ቢሆን በ1651 የመንግሥቱን ጋዜጣ «መርኩሪየስ ፖሊቲከስን» ለኅትመት የሚፈቅድ ባለ ሥልጣን ሆነ። ሳንሱር ሐሰትን አልከለከለም፤ የትኛው ሐሰት እንደሚያልፍ መረጠ እንጂ። ጎረቤታችንን ያስገደለው ዝርዝር ፈቃድ አልነበረውም። ወንድሜን የገደሉት የመንግሥት ሰዎች የያዙት ዝርዝር ግን ማኅተም ነበረው።

ከዚያ ሁሉ ጸሐፊ መካከል ትንሽ ያሳረፈኝ ዊሊያም ዎልዊን የተባለው ነጋዴ ነው። በ1644 በጻፈው በራሪ ጽሑፍ፣ እውነት በግልጽ ሜዳ ታሸንፋለች ማለቱ ባይቀርም፣ ክርክሩ በዚህ ተስፋ ላይ ብቻ አይቆምም። በዚህ ዓለም ከስሕተት የጸዳ ሰው የለም፣ ስለዚህ ማንም ማንንም ስለ እምነቱ ሊያስገድድ አይገባውም ነው የሚለው። ለዚህም ቶማስ ኤድዋርድስ የተባለው ሰባኪ በ1646 በ«ጋንግሪና» ከመናፍቃን ጋር ቆጠረው። ይህ የዎልዊን ክርክር ሐሰት አሸንፋ ብትገኝም አይፈርስም፤ በር ጠባቂውም ሊሳሳት ይችላልና።

ግን እርሱም ቢሆን ሥጋቴን አይጨርሰውም። ያቺን ገጽ ከመባዛቷ በፊት አምጥተው ማኅተም ቢያስጨብጡኝ፣ ጎረቤቴ እንዲተርፉ አግጄ አስቀራት ነበር። አልዋሽም። በማግሥቱ ግን ሌላ ገጽ ይመጣል፤ እርሷ ደግሞ ገዳዮችን በስማቸው የምትጠራ እውነት ልትሆን ትችላለች፤ እኔም ፈርቼ ወይም ደክሞኝ አግዳት ይሆናል። ስለዚህ ማኅተሙን አትስጡኝ፤ ከእኔ ይሻላል ለምትሉትም አትስጡት። ይህ ለጎረቤቴ ልጆች መጽናኛ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ እውነት ነው ብዬም አልምልበትም። የተሻለ መልስ ያለው ሰው ግን የማንንም ፈቃድ ሳይለምን ይጻፈው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ነውና፣ እኔም መላ ጨምሬ አነበዋለሁ፤ ካልመሰለኝም መልሼ እጽፍበታለሁ።