ፈጣን እጆች

ዶሃ ዙሪያ፣ አል ገራፋ በሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ነበረች። ሙያውን የጀመረችው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። አሁን የምትሠራው ያለጊዜያቸው ተወልደው በማሽን ከሚተነፍሱ ሕፃናት ዘንድ ነው። እጇ ፈጣን ነበር። አላርም ሲጮኽ ሌሎቹ «ምን ሆነ?» ብለው ሳይጨርሱ እሷ አክታውን መጥጣ፣ ቱቦውን አስተካክላ ትመለሳለች። ስለዚህ አላርም በጮኸ ቁጥር ሁሉም ዞር ብሎ እሷን መፈለግ ለመደ። የዓመት ፈቃዷንም ከዓመት ዓመት ታስተላልፍ ነበር፤ «እኔ ከሌለሁ ማን አለ?» እያለች።

አራት አዳዲስ ነርሶች እንድታሠለጥን ተሰጧት። አንዷ የደሴ ልጅ ናት። ትምህርቱን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ አላርም ሲጮኽ ግን እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አሠልጣኟም ቀድማት ትደርሳለች። ወር አለፈ፤ መንቀጥቀጡ አልለቀቃትም።

አንድ ሌሊት ሁለቱ 900 ግራም የሚመዝን ሕፃን አጠገብ ቆመዋል። ሐኪሙ መጣና ማሽኑ በደቂቃ የሚሰጠውን ትንፋሽ ከ40 ወደ 30 ዝቅ አደረገው።

«ሲስተር፣ ለምን ቀነሱበት? ደህና ነበር እኮ» አለች ልጅቱ።

«በራሱ መሳብ ጀምሯል። ማሽኑ ሁሉን ከሠራለት ጡንቻው ይሰንፋል። አሁን ማሽኑ ይጠብቀዋል፤ ሲስብ ያግዘዋል፣ ካልሳበ ይሰጠዋል።»

ይህን ብላ ዝም አለች።

ጥቂት ቆይቶ አላርሙ ጮኸ። የአሠልጣኟ እጅ እንደ ልማዱ ተዘረጋ፤ ግን መንገድ ላይ መለሰችው። በእጅ አየር መስጫውን፣ አምቡ ባጉን፣ አዘጋጅታ ያዘችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ማሽኑን ተይው፤ መጀመሪያ ልጁን እዪ።»

የሕፃኑ ኦክስጅን ወደ 88 በመቶ ወርዷል። ልጅቱ እየተንቀጠቀጠች አየች። «ደረቱ በሁለቱም በኩል ይነሳል። ቱቦው ከንፈሩ ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አልተንሸራተተም…» ጣቷ የማሽኑን ቧንቧ ተከትሎ ሄደ። መታጠፊያው ላይ ውሃ ተጠራቅሟል። ውሃው ወደ ሕፃኑ እንዳይሄድ ተጠንቅቃ አፈሰሰችው። ቁጥሩ 93 ገባ።

ከዚያ ወዲህ አሠልጣኟ ከአራቱም ኋላ አንድ እርምጃ ርቃ መቆም ጀመረች። «እሷም ደከመች መሰለኝ» ያሉ ነበሩ።

ከወራት በኋላ፣ በክፍሉ ሁለት ጫፍ ሁለት አላርሞች በአንዴ ጮኹ። አሠልጣኟ ወደ ቀረባት ሮጠች። የተዘጋውን ቱቦ ከፍታ ቀና ስትል፣ በወዲያኛው ጫፍ የደሴዋ ልጅ ቱቦው የወጣበትን ሕፃን በጭንብል አየር ትሰጠዋለች፤ ጓደኛዋን ሐኪም እንድትጠራ ልካለች። እጇ ጸንቷል፤ የሕፃኑ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ሐኪሙ ደርሶ ቱቦውን መለሰ። ሁለቱም ሕፃናት ደህና አደሩ።

ጠዋት አሠልጣኟ ወደ አል ገራፋ ከመሄዷ በፊት ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። ለፋሲካ አገሯ ለመግባት የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞላች። ቅጹ ላይ «ተተኪ» የሚል አንድ መስመር አለ። እሷ አራት ስም ጻፈችበት።