ሰባራ ድልድይና የብር ወንዝ መልካዎች

ሞጣን ከዓባይ ማዶ ካለው ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአካባቢው ሰው ክፍተቱን ያልፍ የነበረው በገመድ እየተጎተተ ነው። መንገደኛው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ ጎልማሶች ከወዲህም ከወዲያም ይይዙታል፤ ከሥር ዓባይ ይጮኻል። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶውን አይቶ በዓመቱ መጥቶ ክፍተቱን በብረት ዘጋው፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅትም ከዚሁ ሥራ ተወለደ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። በኋላ በ2009 ዓባይን የሚሻገር ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ጥገናው በጎ ሥራ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ስንቱ በሰላም ተሻግሮበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከግንባታው በፊት ያለው ጊዜ ነው። የተሰበረ ድልድይ ሲታይ «እንጠግነው» የሚለው ሐሳብ ቀድሞ ይመጣል። ያኔ ድልድዩ የት ይሁን፣ ከውሃው ምን ያህል ከፍ ይበል፣ ምን ዓይነት ይሁን የሚሉት ጥያቄዎች ሳይነሡ መልስ አግኝተው ያድራሉ። የድልድይን ዕድሜና ወጪ በአብዛኛው የሚወስኑት ደግሞ እነሱ ናቸው።

ለውሳኔ የሚያግዝ ሶፍትዌር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ራሱ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ ፊካ ማፕ የሚባል መሣሪያ እስከመሥራት ደርሷል፤ የሕዝብ አሰፋፈርን፣ መንገድን፣ ወንዝን፣ ትምህርት ቤትንና ጤና ተቋምን በአንድ ካርታ ላይ አስቀምጦ ድልድይ ቢሠራ የማን መንገድ በምን ያህል እንደሚያጥር ያሰላል።

ወደ ምዕራብ ጎጃም እናምጣው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ብር፣ ላህና ፈጣም የተባሉት ወንዞች ክረምት ሲገባ ይሞላሉ። እንበልና በብር ወንዝ ላይ ለእግረኛ ድልድይ ሦስት መልካዎች ታጩ። አንዱ ጠባብና አለታማ ነው፤ ርካሽ ቢሆንም ከሰፈር ይርቃል። ሁለተኛው ለጤና ጣቢያ ይቀርባል፣ ወንዙ ግን እዚያ ይሰፋል። ሦስተኛው ለገበያ ይመቻል፤ ዳርቻው ግን በጎርፍ የሚሸረሸር አፈር ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ለወጪ ከፍ ያለ ክብደት ከተሰጠ የመጀመሪያው ያሸንፋል። ምጥ የያዛት እናት ጤና ጣቢያ የምትደርስበት ሰዓት ይቅደም ከተባለ ሁለተኛው ከፊት ይመጣል። ቁጥሩ ሲለዋወጥ ምርጫው ለምን እንደተለወጠ ስብሰባው ላይ ያለው ሁሉ ያየዋል። እኔ ከሶፍትዌሩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ «እዚህ ይሁን» ያለ ባለሥልጣን ምክንያቱን በግልጽ ለማስቀመጥ ይገደዳል። ክብደቱን የሚሰጡት ግን ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ወንዙን የሚሻገረው ገበሬና ወተትና ቅቤ ይዛ ገበያ የምትወጣው ሴት በዚያ ስብሰባ ላይ መቀመጥ አለባቸው።

ሌላም አለ። የሳተላይት ካርታ ተዳፋቱን ያሳያል፤ ሐምሌ ላይ ውሃው የት እንደሚደርስ ግን በቅጡ አይነግርም። ብዙዎቹ ትናንሽ ወንዞች የውሃ መለኪያ የላቸውም። ጎርፍ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ የተወው ጭራሮ ከፍታው በሜትር ተለክቶ ሶፍትዌሩ ውስጥ መግባት አለበት። የመንደሩ ሽማግሌ «በዚያ ክረምት እዚህ ድንጋይ ድረስ ደርሷል» ሲሉም ድንጋዩ ጋ ሄዶ መለካት ነው። ለሶፍትዌሩ ከዚህ የበለጠ መረጃ አይገኝም።

የመስክ ጥናት የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ መንገድ በሚመችበት በበጋ ነው፤ ጥር ላይ ብርን በድንጋይ በድንጋይ እየረገጡ ማለፍ በሚቻልበት ሰሞን። የወረዳው ባለሙያ ከበጀት ጥያቄው በፊት በሐምሌና በነሐሴ እያንዳንዱ መልካ ላይ የከፍታ ምልክት የተደረገበት እንጨት ይትከል፤ ውሃው የደረሰበትን የሚመዘግብ ሰውም ከዚያው መንደር ይመደብ።