አንደበትና ደመወዙ

ስለ ሕዝብ በደል ተናግሮ ገንዘብ መቀበል ነውር ነውን? በስደት የምንኖር ተማሪዎች ስለ አገራችን ረሃብ እንድንናገር በየአዳራሹ እንጋበዛለን። ከጭብጨባው በኋላ የሚሰጠንን ፖስታ የምንቀበለው አንገታችንን ደፍተን ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስን እንመልከት። ከባርነት ያመለጠው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ ለማሳቹሴትስ ፀረ ባርነት ማኅበር በደመወዝ ይናገር ነበር። ወዳጆቹ የደረሰብህን ብቻ ተርክ፣ ፍልስፍናውን ለእኛ ተው አሉት። እርሱ ግን ማሰቡን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1847 የራሱን ጋዜጣ አቋቋመ። በ1852 በሮቸስተር ከተማ ስለ አሜሪካ የነፃነት በዓል እንዲናገር ሲጠራ፣ በዓሉ ለባሪያው መራራ ስላቅ መሆኑን ለአድማጮቹ ፊት ለፊት ነገራቸው። በ1895 እስኪሞትም ድረስ ተደማጭ ሆኖ ኖረ።

የአገራችን አዝማሪም ቢሆን የሸለመውን ጌታ በሰምና ወርቅ ሸንቆጥ ማድረጉን አይተውም ነበር።

እንግዲህ ደመወዝ የተናጋሪውን ጊዜና ድካም ቢገዛ ነውር የለበትም፤ ሐሳቡን የገዛ ዕለት ግን አንደበቱ ተሸጧል። ከእኛ የተፈለገው እንባችን ነበር፤ ሐሳባችንን የጠየቀን የለም፤ እኛም ሳንጠየቅ አልተናገርንም። ያፈርነው በፖስታው መስሎን ነበር። ያሳፈረን ዝምታችን ነው።